የሰኔው ልደት

ማወቅ የማልፈልገው ነገር የለም። ልጅ ሳለሁ የጎረቤት ድስት ከፍቼ ሳይ ተይዤ ተቆንጥጫለሁ፤ ካደግሁ በኋላ ደግሞ የማይመለከተኝን ወረቀት ሳነብ ተገኝቼ ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ተሰጥቶኛል። እማዬ ስትማረር፣ «ማዘንጊያ ያልኩሽ ሐዘኔን እንድታስረሺኝ ነበር፤ አንቺ ግን በጥያቄሽ ወጡን እሳት ላይ ታስረሺኛለሽ» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ዛሬ የማጫውታችሁም ይኸው አመሌ ያመጣብኝን ጣጣ ነው።

የምሠራው ድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ አንድ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ኳሊቲ ነኝ። ሸሚዙን እገለብጣለሁ፣ ኮሌታውን እጎትታለሁ፣ የዘለለ ስፌት ካየሁ ቀይ ምልክት ለጥፌ እመልሳለሁ። ቀኑን ሙሉ እንከን ሲፈልግ የዋለ ሰው ከሥራ ሲወጣም ዓይኑ አያርፍም። ኒቆዲሞስ ላይ ግን ስምንት ወር ሙሉ ፈልጌ ያገኘሁት እንከን አንድ ብቻ ነበር፤ የሀብታም ልጅ ነው።

ኒቆዲሞስ ትራንዚተር ነው። አባቱ ትተውለት የሞቱትን ድርጅት ከእናቱ ጋር ያስተዳድራል፤ የፋብሪካችንን ጨርቅና ክር ከጉምሩክ የሚያወጣልን እሱ ነው። ቤታቸው ከዚራ ሰፈር፣ ጥላ ካለው መንገድ ዳር ነው። አንድ ቅዳሜ ሆን ብዬ በባጃጅ አልፌ አይቼዋለሁ። ሹፌሩን ለምኜው ዞሮ ሲመለስ ደግሜ አየሁት። የውጭ በሩ ብቻ የእኛን ቤት ከነጣራው ያሳልፋል።

ፋብሪካችን ስልክ አያስገባም። ጠዋት በር ላይ ሳጥን ውስጥ ቆልፈን ነው የምንገባው። ስለዚህ ኒቆዲሞስ የሚለኝ ነገር ሲኖረው በዕቃ ዝርዝር ወረቀት ጀርባ ላይ ይጽፍና ለሂርሲ ይሰጠዋል። ሂርሲ ከጅቡቲ ኮንቴይነር የሚያመላልስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ በምሳ ሰዓት ወረቀቱን አጣጥፎ ያቀብለኛል። በዚህ ዘመን በደብዳቤ የሚፋቀሩ ሰዎች ቢፈለጉ እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም።

በሰኔ መጀመሪያ እንዲህ የሚል ደብዳቤ መጣልኝ።

«ማዜ፣ ጥያቄ ትወጃለሽና አንድ ልጠይቅሽ። ሽማግሌ ብልክ እናትሽ በራቸውን ይከፍታሉ? በሩን ግን አላውቀውም። ስምንት ወር ሙሉ በሸኘሁሽ ቁጥር ባጃጁን ፋርማሲው ጋ አስቁመሽ ትወርጃለሽ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሰፈር ለእኔ ሩቅ አገር ሆኗል። ከፋርማሲው በኋላ ወደ ቀኝ ነው ወደ ግራ? እሱን ብቻ ንገሪኝ፤ የቀረውን ሽማግሌዎቹ ጠይቀው ይደርሳሉ። ኒቆ።»

መጸዳጃ ቤት ገብቼ አራት ጊዜ አነበብኩት። አንድ ጊዜ አለቀስኩ፣ ሦስት ጊዜ ሳቅሁ። መልስ ግን አልሰጠሁትም። ሳምንት አለፈ፣ ሁለተኛው ተከተለ። ፋርማሲው ጋ እየወረድኩ «ደህና እደር» እላለሁ፤ እሱም አይጨቀጭቀኝም፤ ዓይኑ ግን እስክታጠፍ ይከተለኛል።

ወደ ግራ ነው። ለገሃሬ፣ የድሮ የምድር ባቡር ሠራተኞች ግቢ ውስጥ፣ ከአባቴ ጡረታ ጋር የቀረችልን አንዲት ክፍል። የእማዬ አልጋ፣ የእኔ ፍራሽ፣ አንድ ቁም ሳጥን፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ምድጃ የሚሆን ቆርቆሮ ጣራ። ኒቆ አንገቱን ደፍቶ ገብቶ ዓይኑን የት ያሳርፋል? የት ይቀመጣል? ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ያንን ፊት ማየት ነበረብኝ። ፊቱ ላይ አንዲት የሐፍረት ወይም የአዘኔታ ጥላ ካየሁ፣ መልሴ አይሆንም ነው። ቆርጬ ነበር።

ግን ሰውን እንዲሁ «ና፣ ፊትህን ልይ» አይሉት። ሰበብ ያስፈልጋል። ሰበቡን ያገኘሁት ፓርኩ በር ላይ ነው። እንግዳ ሲገባ መንጃ ፈቃዱን አስይዞ ባጅ ይወስዳል፤ አንድ ቀን ከሰርቪስ ስወርድ የኒቆ መንጃ ፈቃድ የጥበቃው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። እኔ እንደዚህ ዓይነት ነገር አይቼ አላልፍም። ዘበኛው ፊቱን ሲያዞር ጎንበስ አልኩ። የትውልድ ቀን፣ 28/6። እጄ ላይ ቆጠርኩ። እሑድ ይውላል! የእሱ ልደት፣ የእኔ ዕረፍት። እግዜር ራሱ ያዘጋጀው መሰለኝ። በዚያው ቀን ለሂርሲ አንድ ወረቀት ሰጠሁት፤ «ከፋርማሲው በኋላ ወደ ግራ። እሑድ ዘጠኝ ሰዓት። ሂርሲ ያሳይሃል።»

እማዬ ነገሩን ስነግራት ምስር እየለቀመች ነበር።

«ልደት? የማን?»

«የአንድ የሥራ ባልደረባዬ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ሽማግሌ የሚልከው ባልደረባሽ ነው?»

ደብዳቤውን ከትራሴ ሥር አግኝታው ኖሯል። የማወቅ አመሌን ከማን እንደወረስኩ ያን ዕለት ገባኝ።

«የእኔን ልደት እንኳን ማንም አያውቀው፤ የጥምቀት ማግስት ነው ይሉኛል» አለች። ከዚያ ደግሞ እንደ ልጅ ትጠይቀኝ ጀመር። «ሻማውን ለምንድነው የሚያጠፋው? ለኩሰው ማጥፋት ምን ማለት ነው? ለሰው ዕድሜ ሲለምኑ መብራት ይጠፋል?» ብላ ደረቀችብኝ።

ደመወዝ ሊገባ አምስት ቀን ይቀረዋል። እጄ ላይ ያለው አንዲት ዶሮ ገዝቶ ትንሽ ይተርፋል፤ ከዚያ በላይ የለም። ዶሮ ልገዛ ዘንቢል ይዤ ስወጣ ፋዱሞ አየችኝ። ፋዱሞ ከጎናችን ያለችው ናት፤ ማቀዝቀዣ ስላላት ለሰፈሩ በረዶ ትሸጣለች፤ ሂርሲም የአክስቷ ልጅ ነው። ቤቴን እስከ ዛሬ ለኒቆ እንዳይናገር በአላህ አስምዬው ነበር።

«ናያ ማዜ! ዶሮ? ማን ሊያርደው?»

«እንጃ… ሰፈር ውስጥ አንዱን…»

«ስሚኝ። የእናንተ ሰው ካረደው እኔና ሂርሲ አንበላም። የእኛ ሰው ካረደው እናንተ አትበሉም። እናትሽ ደግሞ የሰኔን ጾም ይዛለች፤ ከሁለቱም አትበላም። አንድ ዶሮ ገዝተሽ ሦስት ቦታ ልታስቀምጪን ነው? ጾም አድርጊው አቦ! ምስር ሃይማኖት የለውም ወላሂ!»

ዘንቢሉን ይዤ ቆሜ ሳቅሁ። በዶሮው ብር ምስርና ሩዝ፣ ዘይት፣ ድንች፣ ሎሚና ከርከዴ ገዛሁ፤ ከመልካ ጀብዱ ከመጣች ሴት ላይ ሁለት ፓፓያ ተከራክሬ ወሰድኩ። ለፊኛም ተረፈኝ።

ኬኩን የጋገርነው ያለ ኦቨን ነው። ዱቄት፣ ቤኪንግ ፓውደር፣ ስኳር፣ ዘይት፣ የሎሚ ጭማቂ፤ እንቁላልና ወተት የለውም። ብረት ድስት ውስጥ ጨምረን ከሥርም ከላይም ፍም አደረግንበት። እኔ በየደቂቃው እየከፈትኩ ሳይ አንዱ ወገኑ አረረ። «ታዲያስ! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ» አለች እማዬ፤ ያረረውን በቢላ ፍቃ ኮኮናት ነሰነሰችበት። ሻማዎቹ ከሙቀቱ የተነሳ አንገታቸውን ሲደፉ ፋዱሞ ወስዳ ከበረዶው ጋር አስተኛቻቸው። ከነፋናቸው አሥር ፊኛዎች ስድስቱ እስከ እኩለ ቀን ጣራው ሥር ፈነዱ። አንዱ በፈነዳ ቁጥር እማዬ «በስመ አብ!» እያለች ትደነግጣለች።

ሁሉ ነገር ሲያልቅ በሩ ላይ ቆሜ ክፍሉን ፈተሽ አድርጌ አየሁት፤ ልክ እንደ ሸሚዝ። አልጋው ላይ አንሶላ ለውጫለሁ። ምንጣፉ ተጠርጓል። አንድ ነገር ብቻ ዓይኔ ውስጥ ገባ። እማዬ መሐል ላይ፣ ዘይት በጠጣ ቀሚሷ፣ ቁርጭምጭሚቷ ከቆመችበት ብዛት አብጦ፣ ሳምቡሳ ትጠቀልላለች።

«እማዬ…» አልኩ። «ሳምቡሳውን ፋዱሞ ጋ ሆነሽ ብትጠብሺው? ሙቀቱ እንዳይበረታ። ሰውም ይበዛል። እዚያው ብትቆዪ…»

እጇ ቆመ። አላየችኝም። «ይሻላል» አለች፤ ትሪዋን አንስታ ወጣች።

ያን ጊዜ ያሰብኩት ቦታ መገኘቱን ብቻ ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሂርሲ ድምፅ ከግቢው በር ተሰማ። እኔ፣ ፋዱሞና ሁለት የፋብሪካ ጓደኞቼ ከበሩ ጀርባ ተጣብቀን ቆምን። ኒቆ አንገቱን ደፍቶ ገባ፤ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፣ ላቡ ጀርባው ላይ አጣብቆታል።

«መልካም ልደት!»

ፊቱን አየሁ። ሦስት ሳምንት የጠበቅሁት ፊት ነው። ሐፍረት አልነበረበትም። አዘኔታም አልነበረበትም። የነበረበት ነገር ግን በዝርዝሬ ውስጥ ያልነበረ ሆነብኝ፤ ግራ የገባው ሰው ፊት ነበር። ወደ ሂርሲ ዞረ። ሂርሲ አፉን ሲከፍት ኒቆ ትከሻውን ያዝ አደረገው። ሂርሲ አፉን ዘጋ። አየሁት፤ ግን ምን እንዳየሁ አላወቅሁም።

«የእኔ ልደት?» አለ ቀስ ብሎ።

«ከመንጃ ፈቃድህ ላይ ነው ያገኘሁት!» አልኩ እየኮራሁ። «ሃያ ስምንት አይደል?»

ዓይን ዓይኔን እያየ «ሃያ ስምንት ነው» አለ፤ «ልክ ነሽ።» ከዚያ ፊቱ ሁሉ በሳቅ ተከፈተ፤ እኔም ተከፈትኩ።

ከዚያ በኋላ እንደ እኔ መጠየቅ የሚወድ ሰው ቤቴ ውስጥ ተገኘ። ኬኩ ያለ ኦቨን እንዴት ተነፋ? ፍሙ ከላይ ሲሆን አይወድቅበትም? ሻማው ለምን ቀዘቀዘ? ግድግዳው ላይ ባለው ፎቶ ውስጥ ከባቡሩ አጠገብ የቆሙት አባትሽ ናቸው? የትኛው ጣቢያ ነው? ምንጣፉ ላይ እግሩን አጥፎ ተቀመጠ፤ የት ልቀመጥ ብሎ ዙሪያውን እንኳ አላየም። እኔ ስንት ሌሊት የተጨነቅሁበትን ነገር እሱ ሳያስብበት አለፈው።

«እናትሽስ?» አለ በመጨረሻ።

«እዚያ… ሳምቡሳ እየጠበሰች ነው። ትመጣለች።»

«መቼ?»

መልሴን ሳይጠብቅ ተነስቶ ወጣ። በመስኮቱ አየሁት፤ የፋዱሞ በረንዳ ላይ ከእማዬ ድስት ፊት ቁጢጥ ብሏል። «እማማ፣ እርስዎ ሳይቀምሱ እኔ አልቀምስም» ሲላት ይሰማል።

«ዋሪያ!» አለችው ፋዱሞ ከውስጥ እየጮኸች፤ «ድሬ ላይ እርስዎ የሚባል ሰው የለም፤ አንቺ በላት፣ ቶሎ ትነሳለች!»

እማዬ እየሳቀች ተነሳች። ክንዷን ይዞ አስገባት፣ ከጎኑ አስቀመጣት። ሩዙ፣ ምስሩ፣ ድንቹ አንድ ትሪ ላይ ተገለበጠ፤ ሁላችንም እጃችንን ሰደድን። የእማዬና የሂርሲ እጅ ትሪው መሐል ተጋጨ። «ብላ ልጄ» አለችው፤ «አንቺ ብዪ» አላት። ሻማው ሲጠፋ እማዬ ዓይኗን ጨፍና የራሷን ጸሎት አደረሰች። እንዲህ ያለ ቀን በሕይወቴ አላየሁም ብዬ አሰብኩ።

ይሄኔ ሂርሲ በሶማሊኛ ለፋዱሞ የሆነ ነገር አንሾካሾከ። ፋዱሞ ደግሞ አፏ ላይ ቁልፍ የለም።

«ወላሂ በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ የተወለደ ሰው ዛሬ አየሁ!»

«ምን ማለትሽ ነው?» አልኳት።

«ሂርሲ ነው የነገረኝ! ሮመዳን ላይ ከዚራ እነሱ ቤት ለኒቆ ልደት ወንበር ሲያመላልስ ነበር። ድንኳን ተተክሎ፣ ኬኩ ከሆቴል መጥቶ ይህን ጣራ ያክል ነበር አለኝ። እሱ ጾመኛ ስለነበር ሽታውን ብቻ ጠግቦ ሄደ…» አለችና የሂርሲን ፊት ስታይ አቆመች።

ሂርሲ ትሪውን እያየ፣ «የካቲት ሃያ ስምንት» አለ በቀስታ።

ሃያ ስምንት፣ ስድስት። ፋብሪካ ውስጥ ስድስት ስንል ጁን ነው፤ በየካርቶኑ ላይ የምጽፈው የፈረንጁን ወር ነው፤ ከመልመዴ የተነሳ ሌላ አቆጣጠር መኖሩን ረስቼዋለሁ። መንጃ ፈቃድ ላይ ግን ስድስተኛው ወር የካቲት ነው። አራት ወር ዘግይቼ ነው የደገስኩት። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር። ግን አእምሮዬ አያርፍም፤ ወዲያው ሌላ ጥያቄ አነሳብኝ። የካቲት ላይ እኮ አብረን ነበርን። አራተኛ ወራችን ነበር። ድንኳን ሲተከል እኔ የት ነበርኩ?

ተነስቼ ወጣሁ። ከግቢው ውኃ ቧንቧ አጠገብ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ተከትሎኝ መጣ፤ ቆሞ ቀረ።

«የካቲት ላይ ሥራ በዝቶብኛል ብለህ ጻፍክልኝ» አልኩት። «ሳምንት ሙሉ አልተገናኘንም። አዘንኩልህ እኮ። ደክሞህ ይሆናል ብዬ አዘንኩልህ።»

«ዋሸሁሽ።»

«ለምን?»

«እናቴ መቶ ሰው ጠርታ ነበር። ለእኔ ያሰበቻትም ልጅ ከቤተሰቧ ጋር ተጠርታለች። አንቺን ልጠራሽ ካርዱን ጽፌ ነበር። ከዚያ…» ጭንቅላቱን አከከ። «ይንቁሻል ብዬ ለአንቺ የፈራሁ መሰለኝ። ሰበብ ነው። የፈራሁት የእናቴን ፊት ነው፤ ለራሴ ነው የፈራሁት።»

«ደበቅከኝ።»

«ደበቅሁሽ።»

«ታዲያ ዛሬ ለምን ሻማ አጠፋህ? ለምን ልክ ነሽ አልከኝ?»

«ቀኑ ተሳስቷል ልል ነበር። ግን ያን ሁሉ ነገር አየሁ፤ ከላይ ከታች ፍም የተደረገበት ኬክ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ የተኛ ሻማ። ለመቶ ሰው በተደገሰው ልደቴ አንድም ሰው እንዲህ ስለ እኔ አልተጨነቀም። ዛሬ ይሁንልኝ አልኩ።» «ማዜ፣ የፈለግሽውን በዪኝ። መብትሽ ነው።»

ልለው ብዙ ነገር ነበረኝ። ፈሪ ልለው ነበር። ሰው የሚወደውን ይደብቃል ወይ ልለው አፌን ከፈትኩ። ቃሉ ግን ምላሴ ላይ ቀረ፤ ፊት ለፊቴ የፋዱሞ በረንዳ ነበረ፤ የቀዘቀዘው የዘይት ድስት፣ እማዬ የተነሳችበት ባዶ በርጩማ። ከጥቂት ሰዓት በፊት እናቴን እዚያ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ። እሱ ከመቶ ሰው ደበቀኝ፤ እኔ እናቴን ከአንድ ሰው። ተነስቶ ያመጣት ደግሞ እሱ ነው። እንባዬ መጣ፤ ለእሱ ይሁን ለእማዬ ለይቼ አላወቅሁም።

«ደውልላት» አልኩት።

«ለማን?»

«ለእናትህ። አሁን። ሁሉንም ንገራት።»

ስልኩን አወጣ። አውራ ጣቱ ስሟ ላይ ደርሶ ቆመ። ከዚያ ተጫነው፤ ድምፁንም ከፈተው።

«ኒቆ! ምሳ ሳትበላ የት ጠፋህ?» አሉ እናቱ፣ ወይዘሮ ኪዳነ ምሕረት።

«በላሁ እማማ። ልደት ቤት ነኝ።»

«የማን ልደት?»

«የእኔ።»

«ኒቆ፣ ፀሐይ መትቶሃል? ልጄ፣ ጥላ ውስጥ ነህ?»

ከቤት ውስጥ የፋዱሞ ሳቅ አመለጠ። ሁሉም መስኮቱ ሥር ተደርድረው እየሰሙ ኖሯል።

«ደህና ነኝ። የደገሰችልኝ ማዘንጊያ ትባላለች። ፋብሪካ ነው የምትሠራው። ከኅዳር ጀምሮ አብረን ነን። የካቲት ላይ ልጠራት ፈልጌ ፈራሁሽ። ሽማግሌ ልልክ ነው። የሚኖሩት ለገሃሬ፣ ምድር ባቡር ግቢ ነው፤ ቤታቸው አንድ ክፍል ነው።»

«አንድ ክፍል?»

«አንድ ክፍል።»

ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ። ኒቆ ግን ስልኩን አልዘጋም።

«እኔን ፈራህ?» አሉ በመጨረሻ። ቁጣ ስጠብቅ የሰማሁት የተጎዳች ሴት ድምፅ ነበር። «ልጄ እኔን ይፈራል?» ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ «የልጅቷ እናት አሉ?»

«አሉ።»

«አገናኘኝ።»

እማዬ በሩ ላይ ቆማ ነበር። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። እኔ ወደ እሷ ሮጥኩ፤ ምን በይ እንደምላት አላውቅም፤ ስለ ቤቱ አትናገሪ ልላት ይሁን፣ ይቅርታ ልጠይቃት ይሁን። እሷ ግን በእጇ ገለል አደረገችኝ፤ ስልኩን ከፊቷ አርቃ ያዘች።

«እንደምን ዋሉ እመቤቴ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ልጄ አስቸግሮዎት ይሆናል።»

«ኧረ ምን አስቸግሮ! ሩዙን ሁለት ጊዜ አስጨምሮ በላልኝ።»

በዚያኛው በኩል ትንሽ ሳቅ መሰል ነገር ተሰማ። ወዲያው ግን ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እኔ እንግዲህ… ነገሩ ድንገት ሆነብኝ። እዋሽዎታለሁ እንዴ? ሌላ ነበር ያሰብኩት። መጥቼ ልያችሁ ይሆን?»

እማዬ ወደ እኔ አየች። ቅድም «ይሻላል» ስትለኝ ያላሳየችኝን ዓይን አሁን አሳየችኝ። ቅያሜ አልነበረበትም፤ የቻልኩትን ያህል ፈልጌ አጣሁበት።

«ይምጡ» አለች። «ቤቴ አንዲት ክፍል ናት፤ ወንበርም የለኝ። ልጄ በዚህ ታፍራለች፤ እኔ አላፍርም። አርባ ዓመት እንግዳ አስተናግጄባታለሁ። ሲመጡ ከጎኔ ይቀመጣሉ፤ ተጠጋግተን እናወራለን።»

እኔ እስከ ዛሬ የእማዬን ገበና የሸፈንኩ መስሎኝ ነበር። ለእሷ አዝኜ፣ እሷን አስቤ። እሷ ግን የሚሸፈን ነገር ኖሯትም አያውቅም። ወድቄ እግሯን ልይዝ ፈለግሁ። «ይቅር በዪኝ» አልኩ፤ ድምፄ አልወጣም፤ እሷ ግን ከንፈሬን አይታ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች።

ከስልኩ ውስጥ ወይዘሮ ኪዳነ ምሕረት፣ «በሚቀጥለው ሰንበት እመጣለሁ እንግዲህ» ሲሉ ሰማሁ። እማዬ ደግሞ ስለ ጤናቸው፣ ስለ ቤተሰባቸው፣ ስለ ሙቀቱ ትጠይቃቸው ጀመር።

ኒቆዲሞስ ፊት ለፊቴ ቆሟል። ሸሚዙ በላብ ርሷል፣ ጢሙ ላይ ኮኮናት ቀርቷል። ሦስት ሳምንት ያቆየሁትን የሽማግሌውን ጥያቄ አልደገመልኝም። ያየኛል፤ እኔም አየሁት። ለመጀመሪያ ጊዜ እንከን አልፈለግሁበትም።

«ላክ» አልኩት።

ግንባሩን ግንባሬ ላይ አሳረፈ። እማዬ ጀርባዋን ሰጥታን አሁንም በስልኩ ታወራለች።